ቴልማ የምትነዳው መኪና

የእህቴ ባል ዊልፍ ዕድሜውን ሙሉ በእንግሊዝ አገር በሃል ከተማ አውቶብስ ሲነዳ ኖረ። ጡረታ በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዓይኑ ከመሃል እየደበዘዘ ሄደ። ከዳርና ከዳር ያለውን ያያል፤ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ግን በድምፁ ነው የሚለየው። ሐኪሙ ከእንግዲህ መንዳት እንደማይችል ነገረው። በዚያው ሰሞን መኪናውን ሸጠ። ካራቫኑን ግን አልሸጠም።

ካራቫኑ ከቤታቸው ጎን፣ የጎረቤት አጥር ሥር ቆሞ ቀረ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ መኪናው ኋላ አስረው፣ ስኮትላንድ ጫፍ፣ ከኡላፑል ወዲያ ወዳለች አንዲት የባሕር ዳርቻ ይዘውት ይሄዱ የነበረው ቤት ነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ ኩባያዎቹ ሁሉ እንደነበሩ አሉ። ዊልፍ ጠዋት ጠዋት ሻዩን ይዞ እዚያ መግባት አመጣ። በሩን ክፍት ትቶ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ዝናብ ሲጥል ጣሪያውን ሲመታው ያዳምጣል። እህቴ ቴልማ ዕቃ እያጠበች በወጥ ቤቷ መስኮት ታየዋለች።

አንድ ቀን ምሳ ደርሷል ልትለው ስትሄድ፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋ፣ "ማዕበሉ ሲመለስ ጠጠሩን ይዞት ሲንከባለል፣ ያ ድምፅ ትዝ ይልሻል?" አላት።

ትዝ አላላትም። እዚያ በከረሙባቸው ጊዜያት ሁሉ እሷ አንሶላ ስታሰጣ፣ ድስት ስትፈትግ ነበር የምትውለው። ይህንን ስትነግረኝ አለቀሰች። ከዚያ ተናፈጠችና፣ "አቭሪል፣ መኪና ልገዛ ነው" አለችኝ።

"ማን ሊነዳው?"

"እኔ ነኛ።"

ቴልማ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው በወጣትነቷ ነው። የምትነዳው ግን እስከ ገበያና እስከ ጥርስ ሐኪሟ ድረስ ነበር። ካራቫን ጎትታ አታውቅም። ዊልፍ ሲሰማ ሳቀባት።

"አንቺ? የገበያ ጋሪ እንኳ ቀጥ አድርገሽ አትገፊም።"

"ጋሪውን የምታጣምመው አንተ ነህ፣ ብስኩት ልታነሳ ስትንጠራራ።"

"ካራቫን ጋሪ አይደለም ቴልማ። ከኋላሽ የሚከተልሽ ቤት ነው።"

"አንተስ ይኸን ሁሉ ዘመን ከኋላዬ ስትከተለኝ ምን ሆንኩ?"

እንዲህ ተባብለው እምቢ እንዳለ ከረመ። ናፍቆት ግን ክፉ ነው፤ እምቢታውን ከሥር ከሥሩ ቦረቦረው። አንድ እሑድ እኔም ባለሁበት ምሳ እየበላን፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ከበድ ያለ መኪና ነው የሚሆነን" አለ። "ካራቫኑ ከነጓዙ ከመኪናው በደንብ መቅለል አለበት። አለዚያ ቁልቁለት ላይ ነፋስ የመታው ዕለት፣ የሚጎተተው የሚጎትተውን ይዞት ይሄዳል።"

ቴልማ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ተሸነፈ ማለቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ በእኔ ትንሽ መኪና ሦስታችን መዞር ሆነ ሥራችን። መጀመሪያ ያየነው የጎረቤት ልጅ የምትሸጣትን ቀይ መኪና ነበር። ዊልፍ ኋላዋን በሁለት እጁ ተጭኖ አወዛወዛትና፣ "እቺን ካራቫኑ ውስጥ ጭነናት መሄድ እንችላለን፤ መጎተቱን ግን እርሺው" አለ።

ቀጥለን ወደ ቤቨርሊ በሚወስደው መንገድ ዳር ያገለገሉ መኪኖች ወደሚሸጡበት ቦታ ሄድን። እዚያ አንድ ጥቁር፣ ቁመተ ረዥም መኪና ነበር። ሻጩ ሞተሩን ሲያስነሳው ዊልፍ አንገቱን ቀና አደረገ። ጎማውን ዳሰሰ፣ ከሥር ጎንበስ ብሎ ካራቫን የሚታሰርበትን ጋንቾ ጨበጠ፣ በሩን ከፍቶ ገባና መሪው ላይ ተቀመጠ። ፊቱ በራ። እንዲያ ሲሆን ካየሁት ቆይቼ ነበር።

"ይኸ ነው" አለ። "ይኸ ተራራ ይነቅላል።"

ቴልማ ተራዋ ሲደርስ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እጀታ ይዛ ወጣች። መቀመጫውን ወደፊት ሳበችው፤ እግሯ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ አያደርሰውም። በግራ ትከሻዋ ዞር ብላ ወደ ኋላ አየች። ያየችው የመኪናውን ወፍራም ምሰሶ ብቻ ነበር። ወረደችና ለሻጩ፣ "አመሰግናለሁ፣ ይኸ ለእኔ አልተሠራም" አለችው።

ቤታቸው ልንደርስ ስንል ዊልፍ ከኋላ ወንበር፣ "እንደዚያ ያለ መኪና ሁለተኛ አናገኝም" አለ።

"እግሬ አይደርስም።"

"ትለምጂዋለሽ። ካራቫኑን የማውቀው እኔ ነኝ።"

"የምነዳው ግን እኔ ነኝ ዊልፍ። አንተ የመረጥከው አንተ የምትነዳውን መኪና ነው።"

በስፖኪዮው አየሁት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከመኪናዬ ሲወርድ ቴልማ ክንዷን ሰጠችው፤ አልያዘውም፤ አጥሩን እየዳሰሰ ገባ። በማግስቱ ካራቫኑን ቆልፎ ቁልፉን ኮሪደሩ ውስጥ ሰቀለው። ሻዩን ወጥ ቤት ውስጥ መጠጣት ጀመረ። ቴልማ በስልክ፣ "ዝም ካለ ወዲህ ቤቱ ጠበበኝ" አለችኝ።

ስለ መኪና የሚያነሳ ጠፋ። የበረዶው ወራት አልፎ ሜዳው አረንጓዴ ሲለብስ፣ ድሪፊልድ አጠገብ ባለች መንደር ሱቅ ስገባ መስኮቱ ላይ በእጅ የተጻፈ ካርድ ተለጥፎ አየሁ። "የናፍጣ መኪና፣ ረዥም፣ ካራቫን የለመደ" ይላል። "የለመደ" የምትለው ቃል ደስ አለችኝ፤ ስለ በቅሎ የተጻፈች ትመስላለች። ቴልማን ደወልኩላት። ዊልፍን እንዴት እንዳግባባችው አላውቅም፤ በቀጠሯችን ቀን ግን ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

ባለ መኪናው ሚስተር ሆይል የሚባል፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተጣፈ ቀጭን ሽማግሌ ነው። መኪናውን ከማሳየቱ በፊት እሱ ይጠይቀን ጀመር።

"ካራቫናችሁ ምን ያህል ይከብዳል? ወዴት ትወስዱታላችሁ? ማነው የሚነዳው?"

"እኔ" አለች ቴልማ።

"ጎትተው ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

ትንሽ አያትና ወደ መጋዘኑ መራን። "ከእናንተ በፊት የመጡ ነበሩ" አለ። "ተሸጧል ብዬ መለስኳቸው።"

"ሳይሸጥ? ለምን?" አልኩት።

"አንደኛው ጎማውን በእርግጫ መታው።"

ቴልማ ፈገግ አለች። "ታዲያ ካልጨከኑ ለምን ይሸጡታል?"

ሚስተር ሆይል የመጋዘኑን በር እየከፈተ ነበር። "ባለቤቴ ጆአን ካረፈች ወዲህ በየማለዳው አስነሳዋለሁ። ሞተሩ እስኪሞቅ እቀመጣለሁ። ከዚያ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። አጠፋዋለሁ።"

ዊልፍ ወደ መጋዘኑ በር ጠጋ አለ። "እስቲ ያስነሱት" አለ።

መኪናው ግራጫ፣ ኋላው ረዘም ያለ፣ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ነው። ዊልፍ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ሞተሩን ሰማ። ከዚያ በጣቱ የበሮቹን ሥር ዝገት ፈለገ። ኋላ ሄዶ የጋንቾውን ሉል ዳበሰ፤ በግራሶ የተቀባ፣ ብዙ ከመሥራቱ የለሰለሰ ነው። መከላከያው ላይ የጎደጎደ ቦታ ሲያገኝ ጣቱ ቆም አለ።

"ይኸ ምንድነው?"

"ጆአን ናት። የግቢው ምሰሶ።"

"አሳምራ ነው የገጨችው።"

"ምሰሶውን ባዩት" አለ ሚስተር ሆይል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ቴልማ መሪው ላይ ተቀመጠች። እግሯ ደረሰ። ዞር ዞር ብላ አየች፤ ሁሉም ይታያል። ዊልፍ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለና፣ "የእጅ ፍሬኑን አጥብቂው። ሦስተኛ ማርሽ አስገቢ። አሁን ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ" አላት። እንዳላት አደረገች። መኪናው ዘሎ ሞተሩ ቀጥ አለ። ቴልማ ደነገጠች።

"ምን አደረግኩት? ጠፋ።"

"ወዲያው ነው የጠፋው?"

"ወዲያው።"

"ጥሩ ነው። ፍሪሲዮኑ አላለቀም ማለት ነው። ቢያልቅ ኖሮ ሞተሩ እየጮኸ ይቀጥል ነበር።" ድምፁ ለስላሳ ነበር። ከተኳረፉ ወዲህ እንዲያ ሲያናግራት አልሰማሁም።

የሚስተር ሆይል የራሱ ካራቫን ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ሣር ሜዳው ላይ ቆሟል። "ካልጎተቱበት እንዴት ይገዙታል?" ብሎ አሰረላት። ቴልማ ወደፊት ስትነዳ ምንም አልሆነችም፤ ሜዳውን ዞራ መጣች። ወደ ኋላ ስትል ነው ጉዱ። ካራቫኑ እንደ እልከኛ በሬ አፈንግጦ ተጣጠፈባት። ሚስተር ሆይል ከቀኝ "ግራ" ይላል፣ ዊልፍ በድምፅ ብቻ እየገመተ ከግራ "ቀኝ" ይላል። ቴልማ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች።

"ከሁለት አንዳችሁ ዝም በሉ።"

ዊልፍ አጥሩን ይዞ እስከ ሜዳው በር ሄደና ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። አጠገቡ ሄድኩ።

ሚስተር ሆይል መስኮቷ ሥር ቆሞ፣ "መሪውን ከላይ አትያዢው፤ ከታች ያዢው" ሲላት ይሰማል፤ አሁን አንቺ ማለት ጀምሯል። "ካራቫኑ እንዲሄድልሽ ወደምትፈልጊው እጅሽን ግፊው። ቀስ። ጆአንም በዚህ ነው የገባት።" አንዴ ሞከረች፣ ደገመች፣ ተበላሸባት፣ አቃንታ እንደገና ጀመረች። በመጨረሻ ካራቫኑ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ተገራ ፈረስ፣ ቦታው ላይ ገባ። ዊልፍ ጀርባውን እንደሰጠ፣ "ገባ" አለ። ከጎማው ድምፅ ነው ያወቀው።

"አንድ ጊዜ አዙሪኝ" አላት መጥቶ።

እኔ ከኋላ ገባሁ፤ እሱ ከጎኗ ተቀመጠ። ሜዳውን በዝግታ ዞርን። ቴልማ ማርሽ በለወጠች ቁጥር የዊልፍ ግራ እግር የሌለ ፍሪሲዮን ይረግጣል፤ እጁ ጉልበቱ ላይ ማርሽ ያስገባል። የሚያደርገውን ያወቀው አይመስለኝም። ቴልማ አይታዋለች። ማርሹን እንደ እሱ እጅ፣ በእሱ ፍጥነት ትለውጥ ጀመር።

በዋጋ አልተከራከሩም። ሚስተር ሆይል ቁልፉን ሲሰጣት ቶሎ ከእጁ አልለቀቀውም። "ዘይቱን እኔ ልይላችሁ፤ እሑድ እሑድ ብቅ ብል?" አላት። ቴልማ ምሳ ስንት ሰዓት እንደሚበሉ ነገረችው። እሑድ እሑድ ይመጣል፤ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ያያል፤ ከዚያ ከዊልፍ ጋር ስለ መንገድ ሲጨቃጨቁ ይመሻል።

ሰኔ ላይ እስከ ባሕሩ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። ካራቫኑን ያሰረው ዊልፍ ነበር፤ ለዚያ ዓይን አያስፈልገውም። ጋንቾው ላይ ሲገባ ያለውን ድምፅ ሰምቶ፣ በእጁ ነቅንቆ፣ "ተነሺ" አላት። ቴልማ እስከ ኢንቨርነስ ድረስ አንገቷ ደርቆ ነዳች። ከኋላዋ ረዥም የመኪና ሰልፍ ሲያጉረመርም ዳር እየያዘች አሳለፈች።

ከኢንቨርነስ ወዲያ መንገዱ ጠቦ በኮረብታና በሐይቅ መሃል ሲጠማዘዝ ዊልፍ ጭራሽ ዝም አለ። ቴልማ ደጋግማ ታየዋለች።

"ምነው? ደስ አላለህም እንዴ? ልንደርስ ነው እኮ።"

"የናፈቀኝ ባሕሩ መስሎኝ ነበር" አለ።

"ታዲያ ምንድነው?"

"አንቺ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ትተኚ ነበር። ራስሽን መስኮቱ ላይ አስደግፈሽ። እኔ እነዳለሁ፤ አንቺ ምንም ሳይመስልሽ ትተኛለሽ። ስንደርስ 'ደርሰናል' እልሻለሁ። የናፈቀኝ እሱ ነው ቴልማ። በእኔ መተማመንሽ።"

እኔ ወደ ውጭ አየሁ። ቴልማ አንዱን ኩርባ ጨርሳ ሌላውን ያዘች።

"ያን ሁሉ ዓመት የተኛሁት እንቅልፍ ስለጣለኝ መሰለህ?" አለችው። "በዓለም ላይ እንደዚያ የምተኛበት ሌላ ቦታ ስላልነበረኝ ነው። አሁን እስቲ አንተ ሞክረው።"

"እኔ መኪና ውስጥ ተኝቼ አላውቅም።"

"አውቃለሁ።"

ብዙ ተገላበጠ። ቁልቁለት ሲመጣ ክሩስኮቱን በእጁ ይገፋል፤ መልሶ ይተዋል። በኋላ እጁ ጭኑ ላይ ወደቀ፤ ራሱ ቀስ ብሎ መስኮቱን ነካ። ቴልማ ሬዲዮኑን ዘጋች። የቀረውን መንገድ፣ ውሃ የሞላ ባልዲ እንደያዘ ሰው፣ ሳታናውጥ ነዳችው።

ባሕሩ ዘንድ ደርሰን ሞተሩን ስታጠፋ አልነቃም። ማዕበሉ ይመጣል፣ ጠጠሩን እያንከባለለ ይመለሳል። ቴልማ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ሰማችው፤ ከዚህ ቀደም ልብ ብላ ሰምታው አታውቅም። እጇን ዘርግታ ጉንጩን ነካችው።

"ደርሰናል" አለችው።

ዊልፍ ዓይኑን ሳይከፍት፣ "ትንሽ ልቆይ" አለ። ሦስታችንም እንደተቀመጥን ቆየን፤ ካራቫኑን ለመፍታት የቸኮለ አልነበረም።