የኦይታ ዋርድያዎች

ኦይታ የሽመና መወርወሪያውን ሊሰድ ሲል ስሙን ሰማና እጁ ቆመ። ከቀርከሃው ግርዶሽ ወዲያ፣ በገዛ ቤቱ፣ የእድሩ ሰዎች ተሰብስበው ስለ እሱ ይመክራሉ። እሱን ግን ና ያለው የለም።

«ነገ ለሸማኔ ማኅበሩ ክር የሚያመጣው ዳልጮ ይሁን» አሉ የእድሩም የማኅበሩም ሊቀመንበር ጋሽ ካሱ። «አርባ ምንጭ መኪና ማቆሚያው ዙሪያ ጫት ብቻ ነው። ኦይታን እዚያ ልከን ማን እፎይ ብሎ ይቀመጣል?»

ከጨንቻ ወርዶ ክር ማምጣት የኦይታ ሥራ ነበር፣ ጫቱ እስኪያስጥለው ድረስ። ጫቱን ከተወ እንግዲህ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ይህን ሥራ ካልመለሱለት ደግሞ መቼም ቢሆን አያምኑትም፤ ሆዱን የሚበላው ይኸው ነበር።

ጎረቤቶቹ ክፉ ሆነው እንዳይመስላችሁ። ኧረ ደግነታቸው ነው መድረሻ ያሳጣው! ከምሳ በኋላ፣ የመቃሚያው ሰዓት ሲደርስ፣ በየቀኑ አንድ ተረኛ ዋርድያ ከች ይላል። መምህር አበጋዝ ጋዜጣ ሊያነቡለት ይመጡና ራሳቸው ያንኮራፋሉ። ዳልጮ ሽንት ቤት ድረስ ይከተለዋል። እትዬ ሻሺቱ ቆጮ ይዘው ብላ፣ ብላ፣ ብላ ነው፤ ሱሪው እንኳ አልቆለፍ ብሎታል።

«እኔ የምለው» አሉ አሁን እትዬ ሻሺቱ፣ «በእኛ በደጋው ወግ ባለጉዳዩ በሌለበት ነገር ይቆረጣል እንዴ? ይህን ሁሉ ጊዜ ስንጠብቀው፣ አንድ ቀን ምን ይሻልሃል ብለነዋል?»

ጋሽ ካሱ አንገታቸውን አከኩ። «ውይ፣ እውነትም! ኦይታ፣ ና እስቲ ልጄ።»

ኦይታ ከሽመናው ጉድጓድ ወጥቶ መሃላቸው ተቀመጠ።

«ክሩን እኔ ላምጣ» አለ። «ጠዋት ጠዋት ደህና ነኝ፤ እኔን የሚያስቸግረኝ ከሰዓት ነው። በማለዳ መኪና ወርጄ ቶሎ እመለሳለሁ። ደግሞ ጋሽ አበጋዝ፣ አይቀየሙኝና ጋዜጣው ይቅርብኝ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ራሳቸው አበጋዝ ነበሩ። ኦይታን ደስ አለው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው የሰማው መሰለው።

«ብቻህን ልትሄድ?» አሉ ጋሽ ካሱ።

«ብቻዬንስ እፈራለሁ። ሰው እፈልጋለሁ።»

ዳልጮ ብድግ አለ።

«አንተ ቁጭ በል። ሸዋንዳኝ ይምጣ» አለው ኦይታ።

ሁሉም በሩ ሥር ወደተቀመጠው ሰው ዞሩ። ልብስ ሰፊው ሸዋንዳኝ የኦይታ የመቃሚያ ጓደኛ ነበር፤ ጫት ካቆመ ገና ሳምንቱ ነው። ለእሱ ተረኛ ያሰበለት አልነበረም።

«ምን ነካህ?» አለ ዳልጮ። «እሱ መቼ ራሱን ቻለ?»

«እኔስ መቼ ቻልኩ?» አለና ኦይታ ወደ ጓደኛው ዞረ። «ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መጥቼ እቀሰቅስሃለሁ። ካልተነሳህ ደጅህ ላይ ቁጭ እላለሁ። መኪናው ጥሎኝ ቢሄድም ካላንተ አልወርድም።»