የኖርማን ሻይ

«ዛሬ ሻይ አልጠየቅሽንም እኮ!» አለ ኮሊን፣ እግሩን ወደ ከሰል ምድጃው ዘርግቶ። «እዚህ ጀልባ ላይ ሻይ የሚል ቃል ሳልሰማ ሩብ ሰዓት ስቀመጥ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።»

ሮዊና በዓይኗ ገሠጸችው።

«ምን አጠፋሁ? ኖርማን ራሱ ቢሰማ ይስቃል።»

ቤሪልም ሳቀች። ባሏ ኖርማን ሆስፒታል ውስጥ በሳንባ በሽታ ከሞተ አምስተኛ ቀኑ ነው። ቀብሩ ገና የፊታችን ሳምንት ስለሆነ እንደ እነሱ በለንደን ቦይ ላይ በጀልባ የሚኖሩ ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ በጠባቧ በር እያጎነበሱ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይወጣሉ። ወደ ውስጥ የሚገባና ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው ከተገናኙ አንዱ አልጋው ላይ ወጥቶ ማሳለፍ አለበት። አንዷ በቋሊማ የተሞላ ቂጣ ጋግራ አመጣች። አንዱ ደግሞ ማንም ሳይልከው የመጸዳጃውን ሳጥን ወስዶ ደፍቶና አጥቦ መለሰው። በቦዩ ላይ ይህ ከአበባ ይበልጣል።

«በለንደን ውሃ ላይ እንደ ኖርማን ሻይ የተለመነ ሰው የለም» አለ ኮሊን። ሰውየው የቀድሞ ፖስተኛ ነው፤ የእሱ ጀልባ ከዚህ ሦስት ጀልባ አልፎ ታስሯል። «‹ኖርማን፣ ሻይ! ሻይ! ስኳር፣ ኖርማን! ስኳር፣ ስኳር!› ተኝቼ እንኳ ማለፋችሁን በድምፅሽ ነበር የማውቀው። ደግነቱ ታጋሽ ነበር። ተቆጥቶሽ አያውቅም።»

«አያውቅም» አለች ቤሪል።

«የሚገርመው ግን» አለች ሮዊና፣ «ያ ሁሉ ሻይ ሲጠራ አንዴም ኩባያ በእጁ አላየሁም።» ሮዊና በጀልባ ከሰልና ጋዝ እያዞረች የምትሸጥ ሴት ናት፤ የሰው እጅ ላይ ያለውን ማየት ልማዷ ነው።

ቤሪል ተነሥታ ምድጃው ላይ ከሰል ጨመረች። መጨመር አያስፈልገውም ነበር።

ወዲያው ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን አዘነበለች፤ ከባድ ሰው ወጣባት ማለት ነው። የኖርማን ታናሽ ወንድም ክላይቭ ነበር። በየቀኑ ከሉተን በባቡር ይመጣል፤ በየቀኑም ጭንቅላቱን ከበሩ ጋር ያጋጫል።

«ጨርሻለሁ» አለ፣ ግንባሩን እያሻሸ። «የጀልባ ደላላው ዓርብ በአራት ሰዓት ሰው ይልካል። ሰውየው ጀልባዋን፣ ‹ዊሎው›ን፣ ራሱ እየነዳ ወደ መሸጫው ግቢ ይወስዳታል። አንቺ ልብስሽን ብቻ ያዢ። ሚስቴ ፓውላ ሉተን ቤታችን ክፍል አዘጋጅታልሻለች።»

ዓርብ ዐሥራ አራተኛው ቀን ነው። ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ ከዐሥራ አራት ቀን በላይ አንድ ቦታ መቆም አይችልም፤ መንቀሳቀስ አለበት።

«የቦዩ አስተዳዳሪዎች ቀን ያራዝሙልሻል፤ ጠይቄያለሁ» አለ ክላይቭ። «ግን ቢያራዝሙስ? ከዚያ በኋላ ማን ይነዳልሻል?»

ቤሪል ኖርማን በሞተ ማግስት እሺ ብላው ነበር። ያን ቀን ማንም ምንም ቢላት እሺ ትል ነበር። አሁን ግን ቃሉ ከአፏ አልወጣ አለ። ክላይቭ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥሮ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወጣ። ኮሊን ሊሸኘው ተከተለ።

ክቧ መስኮት ክፍት ነበረች። ሁለቱ ሰዎች ዳር ላይ ቆመው የሚያንሾካሹኩት ቃል በቃል ገባ።

«ዐሥራ ሰባት ዓመት አጠገቡ ቆማ አንድ ቀን መሪውን አልነካችም» አለ ክላይቭ።

«የሚሠራው ምላሷ ነው እንጂ እጇማ ሥራ የለውም» አለ ኮሊን።

«ቢያንስ ወንድሜ ጆሮው ዐረፈ።»

ሮዊና መስኮቱን ልትዘጋ ተነሣች። ቤሪል በእጇ ከለከለቻት። አልተናደደችም። የእሱ ጆሮ ካረፈ የኔ ጉሮሮስ? ብላ እያሰበች ነበር። ካለፉት አምስት ሌሊቶች አራቱን እንደ ሕፃን ተኝታለች። ድምፅዋን ከዓመታት በኋላ ሻካራነቱ ለቆታል። የሚያሳፍራት ይህ ነበር።

ኖርማን ሠላሳ አንድ ዓመት የለንደን አውቶቡስ ሲነዳ አንድ መስታወት አልሰበረም። ይህን ለማንም አዲስ ሰው በተዋወቀ በሦስተኛው ደቂቃ ይናገር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ከተማዋን በፊት ለፊቷ ስለጠገባት በጓሮዋ ሊያያት ፈለገና ‹ዊሎው›ን ገዙ። ከላይምሃውስ እስከ ፓዲንግተን፣ ከሃክኒ እስከ ካምደን፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቦታ ነቅለው ሌላ ቦታ ታሰሩ። የምግብ ቤቶችን ጓዳ፣ የተሰጣ ልብስ፣ በአራዊት ማቆያው ግንብ ሥር ሲያልፉ ከላይ የሚጮኹትን ወፎች ለመዱ። ለጀማሪዎች ማስተማር ይወድ ነበር። የጀልባ መሪ ግልብጥ ነው፤ የመሪውን ዘንግ ወደ ቀኝ ብትገፋው የጀልባው አፍንጫ ወደ ግራ ይዞራል። «እንደ አማት ናት» ይላቸዋል። «ወደምትፈልግበት እንድትሄድልህ ተቃራኒውን ንገራት።»

ከስድስት ዓመት በፊት የሰው ፊት መሃል መሃሉ ይጠፋው ጀመር። ጆሮና ፀጉር ያያል፤ ዓይንና አፍንጫ በነበረበት ቦታ ግራጫ ጉድጓድ ነው። ሐኪሙ የዓይኑ መሃል እየሞተ እንደሆነ፣ ዳር ዳሩ እንደሚቀርለት ነግሮ መኪና መንዳት ከለከለው።

«የከለከለኝ አስፋልት ነው» አለ ኖርማን ከክሊኒኩ ሲወጡ። «ስለ ውሃ ምንም አላለም።»

እዚያው መንገድ ላይ አቁሞ አስማላት። «ለማንም አትናገሪም። በተለይ ለክላይቭ። ካወቀ በነጋታው ሉተን ወስዶ ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጠኛል። እሱንም አላየውም።»

መጀመሪያ ቀኝ፣ ግራ እያለች ትመራው ነበር። አንድ ቀን ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዘወር ብሎ አያቸው፤ ኖርማን ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን አንድ መላ ይዞ መጣ። «ሚስት ባሏን ሻይ ብትለው ማን ይጠረጥራል?» ሻይ፣ ዘንጉ ወደ ቀኝ። ስኳር፣ ወደ ግራ። ወተት፣ ፍጥነት ቀንስ። በዝናብም በበረዶም ከግራው ቆማ ለስድስት ዓመት ሻይ ስትል ኖረች። ሳል ቢይዛት ግንብ ይመታሉ። አንድ ክረምት ድምፅዋ ጠፍቶ ሞተር ተበላሸብን ብለው አራት ቀን ታስረው ቆዩ።

ከታሰሩ በኋላ ዓይኑን እያሻሸ፣ «ዛሬ ጥሩ ነዳሁ፣ አይደል?» ይላታል።

«ጥሩ ነዳህ» ትለዋለች።

ረቡዕ ጠዋት ሮዊና ሁለት ከረጢት ከሰል ጣሪያው ላይ ጥላ ገባች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትጥዪኝ» አለቻት ቤሪል።

«አውጪው።»

«ቀለለኝ። ጠዋት ስነሣ መናገር የለብኝም። ዝም ብዬ ዳክዬዎቹን አያለሁ። ባሌ ሬሳ ክፍል ውስጥ ተኝቶ እኔ ቀለለኝ።»

ሮዊና ጥቁር እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። «እኔ እናቴን ሦስት ዓመት አስታምሜ በሞተች ማግስት ሄጄ ፀጉሬን ቀይ አስቀባሁ። ስቀብራት እንደ ቲማቲም ነበርኩ። ታዲያ አልወደድኳትም?»

ቤሪል ወደ እሷ ዞረች። «ዓርብ ጠዋት የውሃ በሮቹን ትከፍቺልኛለሽ? ሁለት በር ነው፤ ከዚያ ዋሻው።»

«ማን ይነዳል?»

«እኔ።»

ሮዊና አየቻት። «ነድተሽ ታውቂያለሽ?»

«አልነዳሁም። ግን አውቃለሁ።»

«እሺ። እኔ የምሸጠው ከሰል ነው፤ ጥያቄ አልሸጥም። በሁለት ሰዓት እመጣለሁ።»

ዓርብ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ሮዊና የፊቱን ገመድ ፈትታ፣ የኋላውን ልትፈታ ስትል ክላይቭ በዳሩ መንገድ እየሮጠ ደረሰ። ቀድሞ የመጣው እቃ ሊሸከምላት ነበር። ገመዱን ከሮዊና እጅ ነጠቀ።

«ቤሪል፣ እብደት ነው! አንቺ ሰው ትገድያለሽ። ሰውየው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይመጣል እኮ።»

«አይምጣ። ሉተን አልሄድም።»

«ማን ይነዳታል? ኖርማን የለም! ኖርማን ነበር የሚነዳው!»

ቤሪል ዘንጉን ያዘች። ብረቱ ይቀዘቅዛል። ዝም ብትል መሐላዋ ይጠበቃል፤ ‹ዊሎው› ግን ትሄዳለች። ብትናገር አንድ መስታወት ያልሰበረው ሰው ይሰበራል። ወደ ክላይቭ ዞረች።

«ኖርማን ስድስት ዓመት አያይም ነበር» አለች። «ዳር ዳሩን ብቻ ነበር የሚያየው። ፊት ለፊቱ ያለውን የምነግረው እኔ ነበርኩ። ሻይ ስል ዘንጉን ወደ ቀኝ፣ ስኳር ስል ወደ ግራ።»

ሮዊና አፏን በእጇ ያዘች። «ኩባያ የሌለው ሻይ!» አለች ለራሷ።

ክላይቭ ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቀው። «ስድስት ዓመት ነው ያልሽው?»

«ስድስት።»

«ዩስተን ጣቢያ…» ድምፁ ተቆረጠ። «የዛሬ አራት ዓመት ዩስተን ጣቢያ ደረጃው ላይ ተገናኘን። ስሙን አልጠራሁትም፤ ፈገግ ብዬ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ፊቴን ትኩር ብሎ አይቶ አልፎኝ ሄደ።» ገመዱን እንደያዘ ዳሩ ላይ ባለው የብረት ጉቶ ላይ ተቀመጠ። «በሠርጌ ቀን በተናገርኩት ቀልድ ቂም ይዞብኝ ነው ብዬ… ስድስት ወር አልደወልኩለትም። አራት ዓመት ሙሉ እንደሚጠላኝ ነበር የማውቀው። አሁን ስቀብረውም እንደሚጠላኝ ይዤ ልቀብረው ነበር።»

«ፊትህን አላየውም፣ ክላይቭ። የማንንም ፊት አያይም ነበር። ያንተ ስም ከአፉ ጠፍቶ አያውቅም።»

ክላይቭ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ያ ግትር አህያ!» አለ። «ያ ግትር፣ የተባረከ አህያ።»

ከዚያ ስልኩን አወጣና ለደላላው ሰው አትልክ ብሎ ነገረው። ገመዱንም ራሱ ፈታ።

‹ዊሎው› ከዳሩ ተላቀቀች። ቤሪል የታሰሩትን ጀልባዎች እያየች ነበር፤ የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ቦዩ ግንብ እያደላ ነው።

«ስኳር» አለች።

ጀልባዋ ቀጥላ ሄደች።

«ስኳር። ስኳር!» ቆማ ጠበቀች። ስድስት ዓመት ሙሉ ቃሉን ከተናገረች በኋላ የሚቀራት መጠበቅ ብቻ ነበር። ‹ዊሎው› ግንቡን ገጭታ ተንገራገጨች፤ ውስጥ ያሉት ሳህኖች ተንኳኩ።

«ጀልባዋ ጆሮ የላትም፣ እቴ!» ብላ ጮኸች ሮዊና ከዳር፣ በሳቅ እየፈረሰች። «በእጅሽ! በእጅሽ ስኳር አድርጊ!»

ቤሪል እጇን አየች። ከዚያ ዘንጉን ወደ ግራ ገፋች፤ ዐሥራ ሰባት ሜትሩ የጀልባዋ ብረት ቀስ ብሎ፣ እያመነታ፣ ወደ ቀኝ ዞረላት። ደግማ ገፋች። እንደገና ታዘዘላት።

የመጀመሪያውን የውሃ በር፣ ውሃ እየሞላ ጀልባ ከፍ የሚያደርገውን ጠባብ ገንዳ፣ ስትገባ ‹ዊሎው› ጎኗን ትንሽ ተፋቀች። ሁለተኛውን ሳትነካ ገባች። ሮዊናና ክላይቭ ግራና ቀኝ ሆነው ከባዱን በር በጀርባቸው ገፍተው ዘጉት፤ ክላይቭ ኮቱን አውልቆ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ውሃው እየሞላ ‹ዊሎው›ን ከጨለማው ግንብ ወደ ብርሃን ሲያነሣት ቤሪል አንድ ቃል እንኳ አልተናገረችም።

ዋሻው ውስጥ የእግረኛ መንገድ የለም። ሮዊና በላይ በከተማው በኩል ተሻግራ ማዶ ልትጠብቃቸው ሄደች፤ ክላይቭ ጭንቅላቱን አንዴ አጋጭቶ ገባና ከጀልባዋ ፊት በኩል ተቀመጠ። ቤሪል ጎንበስ ብላ አየች። ከወዲያ የሚመጣ የጀልባ መብራት የለም፤ የዋሻው መጨረሻ ብቻ እንደ ሳንቲም ያበራል። ገባች። ሃያ ደቂቃ ያህል የሞተሩ ድምፅና ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነበር። እንደ ልማዷ ከዘንጉ በስተግራ ነው የቆመችው፤ በቀኝ በኩል የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ነው። ዘንጉ እጇ ላይ ሞቀ። ሳንቲሙ ሳህን አከለ፤ ከዚያ በር አከለ። ፀሐዩ ፊቷን መታት።

የዋሻው አፍ ላይ መንገዱ እስኪለቀቅ ተራ የሚጠብቅ አረንጓዴ ጀልባ ነበር። የማታውቀው ጢማም ሰው ከኋላ ቆሞ፣ የውሃ ሰው ለውሃ ሰው እንደሚያደርገው፣ እጁን አነሣላት።

የቤሪል ቀኝ ክርን ሳታዘው ወደ ጎን ወጣ። እጅህን አንሣ፣ ሰላም እያሉህ ነው የሚል ጉሸማ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጀልባ ባለፈ ቁጥር፣ የኖርማን ጎድን ላይ። ክርኗ ምንም አላገኘም። እዚያው አየር ላይ ትንሽ ቆየ።

ከዚያ ግራ እጇን ከኪሷ አወጣችና ወደ ላይ አነሣች። ሰውየው አልፎ ዋሻው ውስጥ ከገባ በኋላም አላወረደችውም።