የአጣቢዋ ቋጠሮ

መጀመሪያ የተጠረጠረችው አይጥ ናት።

ሰኞ ጠዋት የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤቱ የቆሸሸ ልብስ በከረጢት በከረጢት ታጭቆ ወደ ማጠቢያ ቤቱ ይገባል። ሁለት መቶ ተማሪ፣ ሁለት መቶ ከረጢት፤ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቷ ቁጥር በቀይ ክር ተሰፍቷል። የሰፋችው አጣቢዋ ራሷ ናት። አሥራ አራት ዓመት በዚያ ቤት ስትሠራ ተማሪዎቹ «እትዬ ሳሙና» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ እሷም አልጠላችውም፣ ከዚህ የከፋ ስም የወጣላቸው አስተማሪዎች ሞልተዋል። ያን ሰኞ ከረጢቶቹን እየፈታች ልብሱን በየገንዳው ስትከፋፍል የማሰሪያዎቹ ነገር አላምር አላት። ታኝከዋል። ጫፋቸው ተበጣጥሷል፣ መሐላቸው ተላልጧል።

«አይጥ ገብታብኛለች» ብላ መጋዘን ጠባቂውን ጠራችው።

ሰውየው ቀልድ የማይጠፋው ነው። ወጥመዱን በክንዱ ሥር ሸጉጦ መጣና ከማጥመዱ በፊት ከረጢቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠ።

«እትዬ፣ የተበሉትን ቁጥራቸውን አይተሽዋል?»

«ምን ሆነ ቁጥራቸው?»

«ሁሉም ከመቶ ስልሳ በላይ ናቸው። ከዚያ በታች አንድም የተነካ የለም። ለመሆኑ አይጥ ቁጥር ማንበብ የተማረችው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ብቻውን ሳቀ። እሷም ልትስቅ አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። ከመቶ ስልሳ አንድ እስከ ሁለት መቶ ያለው ቁጥር ዘንድሮ የገቡት የአርባዎቹ ልጆች ነው። ነባሮቹ «ጥሬ» ይሏቸዋል። ጥሬ እስኪበስል ነው ይላሉ፤ ማን እንደሚያበስላቸውና በምን እሳት ግን የሚናገር የለም።

ሰውየው ሲወጣ አንዱን ማሰሪያ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። አይጥ ትቆርጣለች። ይኼ ግን ታኝኮ፣ ተጎትቶ፣ እንደገና ታኝኳል። በአንዱ ላይ ቡናማ ነጥብ አለች። ሙቅ ውሃ ደምን ያደርቀዋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያስለቅቀዋል፤ ይኼን የማያውቅ አጣቢ የለም። በቀዝቃዛ ውሃ አሸት አሸት አደረገችው። ለቀቀ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዓይኗ አላርፍ አለ። አንሶላ በጋሪ እየገፋች ወደ መኝታ ቤቶቹ ስትገባ ወሬ ድንገት ይቋረጣል። አንዷን አዲስ ልጅ ከንፈሯ አብጦ አገኘቻትና ምን ሆንሽ አለቻት። «ወደቅኩ።» ሁለተኛዋን ጠየቀች። «ወደቅኩ።» ሦስተኛዋ ገና ሳትጠየቅ «ወድቄ ነው» አለች።

«የዘንድሮ ወለል ከንፈር መርጦ ነው እንዴ የሚመታው?» አለች አጣቢዋ። ልጅቷ አልሳቀችም።

ነገሩን የሚያከብደው የገዛ ልጇ የተማሪዎች አለቃ መሆኗ ነው። የአጣቢ ልጅ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ ድምፅ ተቆጥሮላት፣ የብር ቀለም ያለው ዓርማ ደረቷ ላይ ተለጥፎላት! ትምህርት በተከፈተ ቀን መድረክ ላይ ቆማ ደንቡን ያነበበችው እሷ ነበረች፤ «ታናሿን ያዋረደች፣ ያስፈራራች ወይም የጎዳች ተማሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ትሰናበታለች።» እናትየው የኋላው በር ጋ ቆማ፣ ሁለት ጊዜ የተኮሰችውን ሸሚዝ እያየች፣ ቃሉን ሳይሆን ድምፁን ነበር የምትሰማው። የመጨረሻው ፈተና ሦስት ወር ቀርቶታል። ከዚያ በኋላ ልጇ ገንዳ የሚባል ነገር አጠገብ አትደርስም።

እና አሁን አንዷ በዚህች ልጅ አለቅነት ሥር ተደብቃ ጥሬዎቹን እያሰቃየች ነው። ነገሩ ቢወጣ የሚወቀሰው ማን ሆነና? አለቃዋ! አጣቢዋ ይኼን ስታስብ ጠላቷን ወዲያው አገኘቻት። መሰላል።

መሰላል የሚሏት ምክትል አለቃዋን ነው፤ ቁመቷ የበሩን መቃን ሊነካ ምንም አይቀረው። በአሥራ አንድ ድምፅ ተበልጣ ነው ምክትል የሆነችው። ማክሰኞ ዕለት ያለ ምንም ጉዳይ ማጠቢያ ቤቱ በር ላይ መጥታ ተገተረች።

«እትዬ፣ የጥሬዎቹ ማሰሪያዎች ምን ሆኑ?»

«አንቺ ምን አሳየሽ?»

«እንዲሁ ነው። የሆነ ነገር ካዩ ይንገሩኝ ብዬ ነው።»

«እሺ» አለች አጣቢዋ። በሆዷ ግን ‹እኔን? ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ› አለች። ሰው የሠራው ሥራ ተገልጦበት እንደሆነ ለማወቅ እንዲህ ዙሪያውን ይዞራል።

ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ልጇ እንደ ልማዷ አብራት ልትበላ መጣች። እናትየው ጠጋ ብላ ሁሉንም ነገረቻት፤ ማሰሪያውን፣ ደሙን፣ መሰላልን።

«እማ፣ የተማሪን ነገር ለተማሪ ተይው» አለች ልጅቷ ዳቦዋን እየቆረሰች።

«ልጆቹ እየደሙ እኮ ነው!»

«ሁሉም ያልፍበታል። ካለፈ በኋላ ይስቅበታል።»

«አንቺም አልፈሽበታል?»

ልጅቷ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ሸሚዜ ደርቋል?»

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል። ንጹሕ እናትስ? ንጹሕ እናት ከልክ በላይ ታምናለች። አጣቢዋ የልጇ ፊት ሲለዋወጥ አይታለች፤ ‹አለቅነቱ ከብዷት ነው› አለችና እጇን አድርቃ በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ሄደች።

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አውልቃ ሰማቻት። «መሰላል ለመሆኗ ማስረጃ አለሽ?»

«ዓይኔ ነው ማስረጃዬ። ማሰሪያዎቹን አምጥቼ ላሳይዎት እችላለሁ።»

«እንግዲያው ዓርብ እንሰበሰባለን። ከተረጋገጠ የዚያኑ ቀን ትሰናበታለች።»

አጣቢዋ ቀለል ብሏት ወጣች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ቁጥር መቶ ሰማንያ ሰባት መጣች። ትንሽ ልጅ ናት፣ ከረጢቷን እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። ሰኞ ዕለት አንድ ከረጢት ጎድሎ ነበር፤ የሷ መሆኑ ነው። የለበሰችው ዩኒፎርም አንገቱ ጠቁሯል።

«እትዬ፣ መቀስ አለዎት?»

«ለምን?»

ልጅቷ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ሳትተነፍስ አወራችው። ሐሙስ ሐሙስ የታጠበው ልብስ መኝታ ቤት ሲደርስ የጥሬዎቹ ከረጢት እንደ አዲስ ይቋጠራል። ጥሬዋ ተንበርክካ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ቋጠሮውን በጥርሷ መፍታት አለባት። የፈታች ንጹሕ ትለብሳለች። ያልፈታች እንደቆሸሸች ትከርማለች። በመቀስ የቆረጠች ግን ወዮላት። እሷ ሳምንት ሙሉ ሞክራ አቅቷታል። የፊት ጥርሷ ጫፍ የለም።

«ማን ነው የሚቋጥረው?»

ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች።

አጣቢዋ ከረጢቱን ተቀበለቻት። ቋጠሮው ጠጠር አክሏል። አውራ ጣቷ ከሐሳቧ ቀድሞ ከሥር ገባና ገመዱን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገው። ቋጠሮው ተከፈተ።

ያንን ቋጠሮ ለእሷ ያስተማረቻት እናቷ ነበረች፤ ገበያ ላይ ልባሽ ጨርቅ እያሰረች የምትሸጥ ሴት። በጎተቱት ቁጥር ይነክሳል፤ የሚፈታው ወደ ልቡ ሲገፉት ብቻ ነው። አጣቢዋ የአንሶላ ሸክሞቿን በሱ ታስራለች፣ ራሷ ትፈታለች። በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ያሳየችው።

«ውይ!» አለች ልጅቷ። «አለቃም እንዲሁ ነው የምትፈታው፣ በአውራ ጣቷ...» ብላ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

አጣቢዋ ልብሱን አውጥታ ሰጠቻት። ሌላ የምትሰጣት ነገር አጣች። አንሶላ ክምሩ ላይ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ልጇን ወደ ልብስ መተኮሻው ክፍል አስጠራቻትና ባዶውን ከረጢት አሳየቻት። ልጅቷ አልካደችም። እናትየውን መጀመሪያ ያስደነገጣት ያ ነው።

«እኔን ምን እንዳሠሩኝ ታውቂያለሽ?» አለች ልጅቷ። «የመጀመሪያ ዓመቴ። የአርባ ሰው ካልሲ ከሳሙና ውሃ ውስጥ በጥርሴ እያወጣሁ እንዳሰጣ። ‹የሳሙና ልጅ አይደለሽ› እያሉ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነግሬሻለሁ። ምግብ ሁሉ ሳሙና ሳሙና ይለኛል አልኩሽ። ሳቅሽ። ‹የእናትሽ ሽታ ነው፣ ትለምጂዋለሽ› አልሽኝ።»

እናትየው አስታወሰችው። ስቃ ነበር። ያን ቀን ለመጋዘን ጠባቂውም አውርታለት አብረው ስቀዋል።

«አለቃ ስሆን የአጣቢ ልጅ ብሎ የሚንቀኝ እንዳይኖር ፈለግኩ» አለች ልጅቷ። «እነሱ የማያውቁት፣ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ያ ነበር።»

«ነገ መሰላል ትባረራለች።»

«የከሰስሻት አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም።» የልጅቷ ድምፅ ተሰበረ። «ዝም በይ፣ እማ። ሦስት ወር ነው የቀረኝ። ዝም ብቻ በይልኝ።»

እናትየው ባዶውን ከረጢት አጣጥፋ ወጣች። ሰዎች ‹እሳት አመድ ወለደ› እንደሚሉ ታውቃለች፤ እሷን የከበዳት ግን የሰው አፍ አልነበረም። ያቺ የጎደለች ጥርስ ናት፣ ነገ ያለ ጥፋቷ ተባርራ የምትወጣው የሰው ልጅም ናት።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ዳይሬክተሯ ቢሮ አራት ሆነው ተቀመጡ። ልጇ በአለቅነቷ ከዳይሬክተሯ ጎን ሆና ቃለ ጉባኤ ልትጽፍ ብዕር ይዛለች። መሰላል ፊት ለፊት ጉልበቷን አጥፋ ወንበሩ አልበቃት ብሎ ተቀምጣለች።

«እኔ አላደረግሁትም» አለች መሰላል። «ሰምቼ ነበር፣ ማን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። እትዬንም የጠየቅኳቸው ለዚያ ነው። አድርጌው ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

አጣቢዋ የመቶ ሰማንያ ሰባትን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጠዋት ራሷ ቋጥራዋለች። «የሚያስሩት እንዲህ ነው። ያሰረችው መፍታት ታውቃለች።»

መሰላል ሳበችው። ጠበቀ። ደግማ ሳበችው፣ ባሰበት። ዳይሬክተሯም እስኪ ብላ ሞከረችና ጥፍሯ ተሰበረ። አጣቢዋ ከረጢቱን በዝግታ ወደ ልጇ ገፋችው።

ልጅቷ እናቷን አየቻት። ከዚያ ብዕሩን አስቀምጣ የገመዱን ጫፍ ይዛ ጎተተች። እንደማያውቅ ሰው፣ ትንፋሿን ቆርጣ፣ ግንባሯን ቋጥራ ጎተተች። ቋጠሮው ነከሰ።

«እኔም አልቻልኩም» አለች።

ዳይሬክተሯ ተነፈሰች። «እንግዲህ ይኼ ምንም አያሳየንም። የቀረን የእትዬ ምስክርነት ነው።» ወደ አጣቢዋ ዞረች። «በቃልሽ ትጸኛለሽ? መሰላል ናት?»

መሰላል ማልቀስ ጀመረች፣ ድምፅ ሳታሰማ። ልጇ ጠረጴዛውን ታያለች።

«ልጄ» አለች እናትየው። «ስድስት ዓመትሽ ነበር። አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጠሽ። ምን ብዬሽ ነበር ያስተማርኩሽ?»

ልጅቷ ከረጢቱን ወደ ራሷ አስጠጋች። ከዚያ ቀስ ብላ «የሚጎትት አይፈታውም» አለችና አውራ ጣቷን ከሥር አስገብታ ገፋችው። ከረጢቱ ተከፈተ። ከውስጡ ትንሿ ልጅ ያወለቀችው፣ እናቷ አጥባ ጠዋት ያጠፈችው ዩኒፎርም ታየ። ልጅቷ ዓርማዋን ከደረቷ አላቃ ልብሱ ላይ አስቀመጠችው።

አጣቢዋ ተነሥታ ከልጇ ጎን ቆመች፣ ትከሻዋን ያዘቻት። ልጅቷ ትከሻዋን አልነጠቀቻትም።

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አደረገች። «እትዬ፣ ይኼን ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ከትናንት ወዲህ ነው» አለች አጣቢዋ። «ማወቅ የነበረብኝ ግን ምግቡ ሳሙና ሳሙና ያላት ቀን ነው።»