በደቂቃ ስንት ጠብታ

እናትና ልጅ በአንድ ዓመት የነርስ ትምህርት ቤት ገቡ። እናትየው ሦስት ልጆች አሳድጋ፣ የመጨረሻዋ ልጇ ልትመዘገብ ስትወጣ «እስቲ ልሸኝሽ» ብላ አብራት ሄደች፤ ራሷም ተመዝግባ ተመለሰች። ልጅቷ አፈረች። ትምህርት የጀመሩ ዕለት ፊት ተቀምጣ፣ ኋላ ያለችውን እናቷን እንዳላየች ሆነች። እናትየውም ገባትና በክፍል ውስጥ ልጄ ብላ አልጠራቻትም።

ቁስል በማጠብም ሆነ በሽተኛ በማገላበጥ የሚስተካከላት አልነበረም። የከበዳት የጉሉኮስ ስሌት ነው። አንድ ቀን መምህሩ፣ አንድ ሊትር ጉሉኮስ በስምንት ሰዓት እንዲያልቅ በደቂቃ ስንት ጠብታ መውረድ አለበት ብለው ጠየቋት፤ ቱቦው አንዱን ሚሊ ሊትር በሃያ ጠብታ የሚያወርድ ነው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብላ መለሰች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ቤት ስትገባ ግን ራት አልበላም ብላ፣ የታጠፈውን ልብስ ሁሉ እየፈታች እንደገና ማጠፍ ያዘች።

የልጅቷ አንጀት አልቻለም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት የመለማመጃ ቱቦ ተውሳ መጣች። ውሃ የሞላ ከረጢት የመጋረጃው ዘንግ ላይ ሰቀለች፣ አባቷን ሶፋ ላይ አስተኛች፣ ቱቦውን ክንዱ ላይ በፕላስተር ለጥፋ ጫፉን ባልዲ ውስጥ ለቀቀችው።

«እማዬ፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ እኮ ጠብታ አይደለም፤ የቧንቧ ውሃ ነው» አለቻት። «ሰዓቱን ወደ ደቂቃ ሳትቀይሪ ነው ያካፈልሽው።»

እናትየው ስምንቱን ሰዓት በስልሳ አባዝታ እንደ አዲስ ጀመረች። አርባ ሁለት ገደማ መጣላት። ከዚያ ዓይኗን ከሰዓቷ ወደ ጠብታው፣ ከጠብታው ወደ ሰዓቷ እያመላለሰች ቱቦውን ጠበቅ ላላ አደረገች። አባትየው እዚህ ቤት በሽተኛ ምሳ አይሰጠውም ወይ ብሎ አጉረመረመ። የሚሰማው ሲያጣ ተኛ።

ወሩን ሙሉ እንዲህ ሆነ። እናትየው የሚያንጠባጥበውን የማድ ቤት ቧንቧ ሳይቀር ቆጥራ፣ ባልዲው መቼ እንደሚሞላ ትናገር ጀመር።

የተግባር ፈተና ላይ የደረሳት ግማሽ ሊትር በአምስት ሰዓት የሚያልቅ ነበር። የቱቦውን ማሸጊያ አነበበች፤ ይሄኛው ሚሊ ሊትሩን በአሥራ አምስት ጠብታ ነው የሚያወርደው። ሃያ አምስት ብላ ጻፈች፣ ቱቦውን አስተካክላም ራቅ ብላ ቆመች። መምህሩ ሰዓታቸውን ይዘው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ልጅቷ በር ላይ ቆማ ስታይ አላስቻላትም። «እናቴ እኮ ናት» አለች ጮክ ብላ፣ ሁሉም እየሰማ። ክፍሉ ግን ካወቀ ሰንብቷል፤ አፍንጫቸው አንድ ነው።

ሁለቱም አለፉና አንድ ሆስፒታል፣ አንድ የሕሙማን ክፍል ተመደቡ። እናትየው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንደ ፈተናው ግማሽ ሊትር ጉሉኮስ በአምስት ሰዓት እንዲያልቅ ለአንድ ሽማግሌ አስተካከለች፤ የክፍሉ ነርስም አይታ አጸደቀችላት። ሽማግሌው ተነስተው ጢማቸውን ለመላጨት ቸኩለዋልና መቼ እንደሚያልቅ ጠየቁ። ሰባት ሰዓት ላይ አለቻቸው። አላመኗትም፤ ጠዋቱን ሙሉ ከረጢቱን ሲጠብቁ ዋሉ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ከረጢቱ ተሟጠጠ፣ ሽማግሌውም ወሬውን ለክፍሉ ሁሉ አዳረሱት። ከዚያ በኋላ በየአልጋው ያለው ሁሉ «የኔስ መቼ ነው?» እያለ ይጠራት ገባ። የአልጋዎቹን ረድፍ እናት ከአንዱ ጫፍ፣ ልጅ ከሌላው ጫፍ ያዙና እያሰሉ መጥተው መሃል ላይ ተገናኙ።