የበርሜሏ ጣሳ

በደርግ ጊዜ ነው፣ ልጆቼ፤ ክረምቱ ወጥቶ ወባ ባሕር ዳርን ቤት ለቤት ባዳረሰችበት ወራት። በጤና ጣቢያው ደጅ የውኃ በርሜል አለች፤ ከበርሜሏ ጎን አንዲት ጣሳ ተንጠልጥላለች። በሽተኛው ሁሉ የየዕለቱን ክኒን መድኃኒት አዳዩ ድሬሰር ፊት የሚውጠው በእሷ ነው።

እማማ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የመሪጌታው ሚስት፣ ክኒናቸውን ውጠው ጣሳዋን ሊመልሱ ሲሉ ከኋላቸው መዲናን አዩ፤ ልጇን ጀሊላን አዝላለች። መዲና ሐይቁ ዳር ከደንገል ታንኳ ከሚሠሩት ወይጦዎች ናት። ሰዉ በታንኳቸው ይሻገራል፤ ጉማሬ ይበላሉ እያለ ግን አፋቸው በነካው ዕቃ አይጠጣም። ሰው ሁሉ እኩል ነው ሲባል በየቀበሌው ስብሰባ ይጨበጨባል፤ ወሬው ጣሳዋ ዘንድ አልደረሰም። እማማም፣ ነገም የምጠጣው በእሷ ነው ብለው፣ ነጠላቸው ሥር ሸጎጥ አደረጓት።

ጀሊላ ክኒኑን በደረቁ ሞከረችው፤ መራራ ነው፣ አስመለሳት።

«የዛሬው አልቋል» አለ ድሬሰሩ። «ነገ በጠዋት አምጫት። ነገም ካልዋጠች ለሕይወቷ ያሰጋል።»

እማማ ቤት ገብተው ነጠላቸውን ሲያወልቁ ጣሳዋ ዱብ አለች። ሲነጋ ማንም ሳያይ ሊሰቅሏት ገሠገሡ፤ ግን ተቀድመዋል። ዘበኛው ሣህሉ መዲናን በር ላይ አቁሟታል።

«ጣሳዋን ሳታመጪ አትገቢም።»

«እኔ አልወሰድሁም፣ ወንድሜ። እኔ ውጭ ልቁም፤ ልጄን ብቻ አስገባልኝ።»

«ለጉማሬ መረቅ መጨለፊያ ፈልጋት ነው» አለች አንዷ ከሰልፉ። ሳቁ።

የጀሊላ ራስ በእናቷ ትከሻ ላይ ዘንበል ብሏል። የእማማ እጅ ነጠላው ውስጥ ጣሳዋን ጨብጧል። ዝም ብለው ቢመለሱ ማን ያውቃል? እግራቸውም ዞር ማለት ጀምሮ ነበር።

«ሣህሉ፣ ጣሳዋ እኔ ዘንድ ናት» አሉ።

«ረስተዋት ነዋ፣ እማማ። ትኩሳት ያስረሳል።»

«አልረሳኋትም። እሷ እንዳትጠጣባት ደበቅኋት።»

ሣህሉ ከበሩ ገለል አለ፤ ድሬሰሩም የጀሊላን ክኒን ሰጠ። እማማ ራሳቸው ውኃ ቀድተው የሕፃኗ አፍ ላይ ያዙላት። ጀሊላ ዋጠች። ጠበቁ፤ አላስመለሳትም።

የእማማ ተራ ደረሰ። እጃቸውን ሲዘረጉ መዲና ጣሳዋን ቀድማ አነሣች፤ አለቀለቀቻት፣ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለቻት፣ በሁለት እጇም አቀረበችላቸው።

«አጥቤያታለሁ፣ እሜቴ። አይጠየፏት።»

እማማ ያን ቀን ክኒናቸውን የዋጡት ዓይናቸውን ከበርሜሏ ሳያነሡ ነው።