የማን ሳሎን ነው?

ካሜራ ገጣሚው ፈርሃት ጠዋት ገላን ኮንዶሚኒየም አንድ ቤት ካሜራ ገጥሞ ነበር ቃሊቲ ደርዊሽ ቤት የደረሰው። እየተጣደፈ ሳሎኑ ውስጥ ካሜራ ሰቀለ፣ መቅጃውን ቴሌቪዥኑ ሥር አኖረ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ኮድ በደርዊሽ ስልክ አነሳና "በቃ ጋሼ፣ የትም ሆነው ቤትዎን ያያሉ" ብሎ ሄደ።

ደርዊሽ በካናቴራ ሶፋው ላይ ተንሰራፍቶ ስልኩን ከፈተ። የመጣለት ግን የማያውቀው ሳሎን ነው፤ አንዲት እናትና ሦስት ልጆች ቴሌቪዥን እያዩ ይንከተከታሉ።

"በድሪያ!" ሲል ወደ ሚስቱ ጮኸ። "ያ ቀዥቃዣ ካርቶን አቀያይሮ የሰው ቤት ከፈተልኝ!"

"የሰው ገመና አትይ፣ ሐራም ነው! ዝጋው!" አለችው ከጓዳ።

ሊዘጋው ነበር፤ ግን የሚያስቃቸውን ማወቅ አማረው። ምስሉን አቀረበው። ስልካቸውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝተውታል፤ እዚያም ላይ አንድ ቦርጫም ሰውዬ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ሆዱን ያካል።

"ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ባለጌ..."

ሆዱን ያክ የነበረው የደርዊሽ እጅ ቀጥ አለ። ከአፍታ በኋላ የሰውዬውም እጅ ቀጥ አለ።

"በድሪያ" አለ ደርዊሽ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። "ሱሪዬን ወርውሪልኝ።"