የአማቱ እርጎ

ፀጉር አስተካካዩ እርጎ አይወድም። ሽታው ገና ከበር ሲመጣ ፊቱን ያዞራል። ይህን ለአማቱ መናገር ግን አንገቱን ለምላጭ ከመስጠት በላይ ከበደው። ይሉኝታ የሚሉት ክፉ በሽታ ነበረበት።

ጥርሱን ታሞ የወሰደው አንቲባዮቲክ ሆዱን ሲያናጋው፣ አማቱ መድኃኒቱ ጥሩውንም ባክቴሪያ ጨርሶብሃል ብለው በየማለዳው እርጎ በጠርሙስ ይልኩለት ጀመር። ወተቱን ራሳቸው አፍልተው፣ ሙቀቱን በጣታቸው ለክተው፣ እርሾ ጨምረው በፎጣ ጠቅልለው ያረጉት ነው። እሱ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ባለው የፀጉር መታጠቢያ ይደፋውና ጠርሙሱን አጥቦ ይመልሳል። መጀመሪያ ሲደፋ ጆሮው እስኪግል አፈረ። በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ቀጠለበት።

ሆዱ በራሱ ጊዜ ዳነ። አማቱ ይህን ሲሰሙ ሱቁ ድረስ መጥተው፣ ፊቱ በአረፋ ለተሸፈነ ደንበኛ እርጎአቸው አማቻቸውን እንዴት እንዳዳነው ተረኩለት። ደንበኛው እንዲህ ያለች አማት ለኔም በሰጠኝ አለ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ ቀና ብሎ መስተዋቱን ማየት አቃተው።

ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ እያለቀሰች ደወለችለት። እናቷ ለጨጓራ ባክቴሪያ የታዘዘላቸውን ኪኒን ጀምረው አቋርጠውታል። ጨጓራቸው ከዚህ በፊት ደምቷል፤ ሐኪሙም ካቋረጡት እንደገና ሊደማ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። እሳቸው ግን አማቼን ያዳነ እርጎ ለኔም አያንሰኝም ብለው ድርቅ አሉ። አንተን ይሰሙሃል፣ ሂድና ንገራቸው አለችው።

ሄደ። አማቱ ፊታቸው ገርጥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ላይ እርጎ በብርጭቆ ይዘዋል። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ውሃ መጥፋት ሲቀባጥር ቆየ። በመጨረሻ መሬት መሬት እያየ ተናገረው።

«እማማ፣ እኔን ያዳነኝ እርጎው አይደለም። አንድም ቀን አልጠጣሁትም። እደፋው ነበር።»

ቢሰድቡት በወደደ። አማቱ ግን ብርጭቆውን መሬት አስቀምጠው፣ ኪኒኑን ከትራሳቸው ሥር አወጡና በውሃ ዋጡት።

«አልወድም ብትለኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?» አሉት ቀስ ብለው። «እኔም እኮ አልወደውም። ሽታው ያስመልሰኛል። አንተን በጀህ ብዬ ነው አፍንጫዬን ይዤ ስጠጣው የሰነበትኩት።»